ልጅሽን የጠየቅኳት ትርፍ ወረቀት

እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሳይበርድ ልንገርሽ፤ ሰላምታው ይደርሳል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣብን። ሳይነግሩን ነው የመጣው። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ «የአዲስ ተቀጣሪዎችን ፋይል አምጣ» አለኝ። ስድስት ፋይል አወጣሁ። ስጣደፍ ሻይዬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት፤ ደግነቱ ወረቀቶቹን አልነካም። አንደኛውን አየ፣ ደህና። ሁለተኛውን አየ፣ ደህና። እስከ አምስተኛው ድረስ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። «ይቺ ልጅ ምን ጎደላት?» አለኝ። «ፓስፖርት» አልኩት። «ፓስፖርት ጠይቅ ያለህ ማነው?» አለኝ። እትዬ፣ ስድስተኛዋ ልጅሽ ናት።

ወይ እኔ! ሰው እንዴት ሰላም ሳይል ዘው ይላል? እንደገና ልጀምር። እንዴት ነሽልኝ? እንዴት ከርመሻል? ቤትሽ፣ ጤናሽ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉ ደህና ነው? በደፈናው «ደህና ነኝ» እንዳትዪኝ በተራ ልጠይቅሽ። አንደኛ ደም ግፊትሽ፤ መድኃኒቱን በየቀኑ ትውጫለሽ ወይስ ራስሽን ሲያምሽ ብቻ? ሁለተኛ ጉልበትሽ። ሦስተኛ ያ የጓሮው ግድግዳ ስንጥቅ፤ በክረምቱ ሰፋ ወይስ ባለበት ነው? አራተኛ ዓይንሽ። መነጽርሽን ካላደረግሽ ይህን ደብዳቤ መንትዮቹ ልጆችሽን ነው የምታስነብቢያቸው፤ እነሱ ደግሞ እኔ ያልጻፍኩትን እየጨመሩ ነው የሚያነቡልሽ። ስለዚህ እባክሽ መነጽርሽን ፈልጊና ራስሽ አንብቢው።

እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ጥርሷን ተነቅላ ሦስት ቀን ሳታወራ ከርማ ነበር፤ አሁን ድናለች፣ የተጠራቀመውን እያወራች ነው። ልጄ በቁመት እናቷን አልፋለች። ከእኔ ጋር መንገድ መሄድ ታፍራለች፤ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ትኬቱ ኪሴ ውስጥ መኖሩን ሦስት ጊዜ ስለምፈትሽ ነው አሉ። የሷን ወረቀት ሁሉ፣ ከልደት ካርዷ እስከ ክትባቷ፣ በላስቲክ በላስቲክ አድርጌ አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ ይህን ስታይ «አንተ'ኮ መልአከ ሞት ራሱ ቢመጣብህ መጀመሪያ ዋናውን መታወቂያህን አሳየኝ ትለዋለህ» ትለኛለች። ትሳቅ። አንድ ቀን አንድ ወረቀት ሲጠፋ ማን እንደሚስቅ እናያለን።

ስልክ ያልደወልኩት አስቤበት ነው። በስልክ አንቺ ዝም ስትዪ አልችለውም። ስጽፍልሽ ግን ዝምታሽን አልሰማውም፤ እስከ መጨረሻው መናገር እችላለሁ።

ባለፈው ትከሻዬን እንዳመመኝ ነግሬሽ ነበር። እዚህ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስምንት ዓመት አንሶላ አጣጥፌአለሁ፤ የሆቴሉንም፣ የሆስፒታሉንም። ሁለት ሰው ሆናችሁ ጫፍና ጫፍ ትይዛላችሁ፣ ትወጥራላችሁ፣ ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ እጅ ለእጅ ስትገናኙ ታጥፏል ማለት ነው። በቀን ከአንድ ሰው ጋር ስምንት መቶ ጊዜ ሰላም እንደመባባል ነው። ትከሻዬ እምቢ ሲል አለቃዬ አልጣለችኝም፤ «ጽሕፈትህ ጥሩ ነው፣ ነገር አትረሳም» ብላ በሩ አጠገብ ካለችው ቢሮ አስገባችኝ። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ የሷ፣ አንድ የኔ፣ ባለ አራት መሳቢያ የብረት ቁም ሳጥን፣ ሲነኩት እንደ ምጣድ የሚፋጅ የኮፒ ማሽን፣ ወደ ግቢው የምታሳይ አንዲት መስኮት። ይኸው ነው ንብረቴ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። አዲስ ሰው ሲቀጠር፣ እዚህ ለመሥራት ሕግ የሚፈቅድለት መሆኑን ማየት አለብን። ሰውየው ሥራ ከጀመረ በሦስት ቀን ውስጥ ዋናውን ወረቀት ያሳየኛል። ኮፒ አይሆንም፣ በስልክ የተነሣ ፎቶም አይሆንም። በእጄ እይዘዋለሁ፣ ወደ ብርሃን አዞረዋለሁ፣ ፎቶውን አያለሁ፣ ፊቱን አያለሁ፣ ቀኑ አለማለፉን አያለሁ፣ ቁጥሩን ቅጹ ላይ እገለብጣለሁ፣ እፈርማለሁ። ጀርባው ላይ «መሥራት ይችላል» የሚል የመኖሪያ ካርድ ያለው ሰው እሱ አንዱ ብቻ ይበቃዋል። እሱ የሌለው ሁለት ወረቀት ያመጣል፤ አንዱ ማን እንደሆነ የሚናገር፣ አንዱ መሥራት እንደሚፈቀድለት የሚናገር። የቱን እንደሚያሳይ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው። እኔ አይደለሁም።

ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከመጀመሬ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አሠልጥነውናል። አሠልጣኟ «ሥራችሁ የመጣውን ወረቀት ማየት ነው፤ ያልመጣውን መመኘት አይደለም። ማጉደል ጥፋት ነው፣ ማብዛትም ጥፋት ነው» ነበር ያለችው። ቤት ገብቼ ትምህርቱን ሁሉ በራሳችን ቋንቋ በዘጠኝ ነጥብ ጻፍኩት። ይቺን ተራ ቁጥር ሰባት አድርጌ ከሥሯ አሰመርኩባት። ወረቀቷ መሳቢያዬ ውስጥ ተለጥፋለች፤ እስክሪብቶ ባወጣሁ ቁጥር ታየኛለች።

ታዲያ ምን ነካህ ትዪኛለሽ። የነካኝን ልንገርሽ። ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ የተባረረው ዘመዶቹን ያለ ወረቀት አስገብቶ ነው። ድርጅቱ ተቀጣ፣ ሰዎቹም እሱም ወጡ። አለቃዬ ቁልፉን ስትሰጠኝ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአክስት ልጅ የለም» አለችኝ። «የለም» አልኳት። ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ቋንቋችንን የሚናገር ከእኔ ሌላ አንድ ሰው አለ፤ የቦይለሩ፣ የውሃ ማፍያው፣ ሠራተኛ። እኔ እንፋሎት ነው የምለው፤ አፉ አይከደንም። እሱ ደግሞ እኔን «ተራ ቁጥር» ይለኛል። ቢሮ የገባሁ ዕለት ምሳ ላይ «እንግዲህ የኛ ሰው በር ላይ ተቀመጠ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ! ከነገ ጀምሮ አገር ምድሩ ይግባ!» ብሎ ሳቀ። ለሱ ቀልድ ነው። እኔን ግን እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀረ። ሁሌ ሳየው «አሁን ምን ይለኝ ይሆን» እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ስድስት አዲስ ሰዎች መስኮቴ ሥር ተሰለፉ። ስድስተኛዋን ቀና ብዬ ሳይ ፌንጣ ናት፤ ያንቺዋ ፌንጣ። አልነገረችኝም'ኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እቤቴ እየመጣች ስትበላና ከልጄ ጋር ስትላፋ፣ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሥራ ፈልግልኝ» ብላኝ አታውቅም። «በሰው ትከሻ አልገባም» ትላለች፤ አንቺን ነው የወጣችው። ማስታወቂያውን ራሷ አይታ፣ አለቃዬ ራሷ አንሶላ አሳጥፋ ፈትና ቀጥራታለች። መስኮቱ ጋ ደርሳ ጥርሷን ብልጭ አደረገችልኝ። «አየህ፣ በራሴ ገባሁ» ማለቷ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ፤ እሷ እንዳትጨነቂ ብላ ደብቃሻለች። የምትጦራት አሮጊት ካረፈች ወዲህ ሥራ አልነበራትም። የመኖሪያ ካርዷ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ የሚታደሰው ደግሞ በስሟ የተመዘገበ ሥራ ካላት ብቻ ነው። ለማስረጃ የሚቀበሉት የደመወዝ ወረቀት ነው። ስለዚህ ያች ሰኞ ለሷ እንደማንም ሰው ሰኞ አልነበረችም። ይህን እኔ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ አልዋሽሽም።

ልቤ ደስ አለው፣ ግን ፈራሁ። አለቃዬ ከኋላዬ ተቀምጣለች። እንፋሎት ደግሞ የቢሮውን ማሞቂያ ሊጠግን መጥቶ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል፤ ጆሮው ወደ እኔ ነው። ልጅሽ ካርዷን ሰጠችኝ። አየሁት። ቀኑ አላለፈም። ጀርባው ላይ «መሥራት ይችላል» ይላል። ፎቶው እሷው ናት፤ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ በደንብ ይታያል፣ ያ ከአጥር ወዳጥር ስትዘል ወድቃ ያመጣችው። ፌንጣ ያልናት በዚያው አይደል? ያን ዕለት በጀርባዬ አዝዬ ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ያን ፊት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የሚቀረኝ መፈረም ብቻ ነበር።

አፌ ግን «ፓስፖርትም ያስፈልጋል» አለ። በሀገሩ ቋንቋ ነው ያልኳት፣ እንደማላውቃት ሆኜ። ፓስፖርቷ ለእድሳት ተልኳል፤ ደረሰኙን አውጥታ አሳየችኝ። «ደረሰኝ አይሆንም፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት አምጪ» አልኳት። ከፊቷ የቆሙትን አምስት ሰዎች ማንንም ፓስፖርት አልጠየቅኩም። እሷ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፊቴን አየች፤ ከዚያ ካርዷን ተቀብላኝ ወደ ሥራዋ ገባች።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ሠራች። ወደ ማጠፊያው ክፍል ስሄድ በመስታወቱ አያታለሁ። አብራት የምታጥፈው ጎልማሳ ሴትዮ ናት፤ ለማንም የማትስቅ፤ ከልጅሽ ጋር ግን በሁለተኛው ቀን ስትስቅ አየኋት። የልጅሽ እጅ ፈጣን ነው፣ ጫፉ ከጫፉ አይዛነፍም። ልቤ «ሂድና ቅጹን ፈርም» ይለኛል፤ እግሬ ወደ ቢሮ ይመለሳል። ምሳ ሰዓት ደግሞ ሌላ ጠረጴዛ እመርጣለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው ውስጥ ጠበቅኳት። ፓስፖርቱ እንደማይመጣ እሷም እኔም እናውቃለን። እንፋሎት በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል። «ጋሼ፣ እኔ'ኮ ነኝ» አለችኝ በኛው ቋንቋ፣ ቀስ ብላ። እኔም በኛው ቋንቋ፣ እንፋሎት እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ወረቀትዎ አልተሟላም እመቤት፤ ሲሟላ ይምጡ» አልኳት። «እርስዎ» አልኳት፣ እትዬ። በጀርባዬ ያዘልኳትን ልጅ። ሽርጧን ፈታች፣ እዚያው ቆማ ጫፉን ከጫፉ ገጥማ በአራት አጠፈችው፣ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ሄደች። ያን ዕለት እንፋሎት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ምንም። ሲጋራውን ረገጠና ገባ።

አሁን ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዕለት ጠዋት ትዝ ብሎሻል። እኔም ከሐሙስ ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። አባባ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሆኖ በሩ ላይ ቆሟል። አንቺ መታወቂያሽን ሌላ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ረስተሽዋል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አባባ፣ ረሳሁ» ሲለው «ግባ፣ ነገ እንዳይለምድህ» የሚለው ሰው፣ አንቺን «ለልጁ አደላ ይሉኛል» ብሎ መለሰሽ። ሮጠሽ ቤት ደርሰሽ ስትመለሺ ፈተናው ተጀምሯል፣ በሩ ተዘግቷል። ዓመቱን ደገምሽ። እኔ የዚያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነኝ፤ መታወቂያዬን እንደ ሻማ ከፍ አድርጌ ይዤ ባጠገብሽ አለፍኩ፤ ዞር ብዬም አላየሁሽ። አባባ ከዚያ በኋላ ምን እንዳለሽ እስካሁን ነግረሽኝ አታውቂም። ያለሽ ነገር ያለ አይመስለኝም። ይቅርታ ሳይልሽ ነው ያረፈው፤ ነፍሱን ይማረው። እኔ አባባን በብዙ ነገር እመስለዋለሁ፤ በዚህኛው ግን ልመስለው አልፈልግም። ስለዚህ ይኸው በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ልጅሽን በድያታለሁ፣ አንቺንም በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ።

ወደ ዛሬ ጠዋት ልመልስሽ። ተቆጣጣሪው «ሌሎቹን አምስቱን ፓስፖርት ጠይቀሃል?» አለኝ። «አልጠየቅኩም» አልኩት። «ታዲያ እሷን ለምን?» አለኝ። ልዋሽ እችል ነበር፤ «ካርዱ አጠራጠረኝ» ብል ያልፍ ነበር። ግን ያን ብል ጥርጣሬው በፋይሏ ላይ ይጻፍባታል፤ በሄደችበት ሁሉ ይከተላታል። ስለዚህ «የእህቴ ልጅ ስለሆነች ነው» አልኩት። ሰውየው ያልገባው መሰለኝ። «ሰው ለዘመዱ ያደላል እንጂ ዘመዱን ለይቶ ይበድላል እንዴ?» አለኝ። እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ይሉኝታን በነሱ ቋንቋ የምለው ቃል አጣሁ። «ሰዎች ያደላል እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው» አልኩት።

አለቃዬ መነጽሯን አወለቀች። «እኔ የአክስት ልጅ አታስገባ አልኩህ እንጂ የእህትህን ልጅ አባርር አልኩህ?» አለችኝ። ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጅቱን የመረጥኳት እኔ ነኝ። ዘመድህ መሆኗን ሰኞ ዕለት ብትነግረኝ ካርዷን እኔ አይቼ እፈርም ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አለች። ሁለት ደቂቃ! ዘጠኝ ነጥብ ስጽፍ ይቺን አስረኛ አድርጌ መጻፍ አልመጣልኝም፤ ዘመድ ከመጣ ለሌላ ሰው ስጥ። አሁን ጽፌአታለሁ።

ልጅቱ ነገ ትመለስ ተባለ፤ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ፋይል የማስገባው እኔ ስለሆንኩ ማስጠንቀቂያዬን በራሴ እጅ የራሴ ፋይል ውስጥ አስገባሁት፣ ቁጥርም ሰጠሁት። ከቢሮ አላስወጡኝም፤ ተመስገን ነው። እንፋሎት ወሬውን ከየት እንደሰማው እንጃ፣ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝና «ስማ ተራ ቁጥር፣ እኔ አህያ ካመዱ ብዬ ቀለድኩ እንጂ ዘመድህን አመድ ላይ አንከባላት አልኩህ? ሐሙስ ዕለት'ኮ አፍሬልህ ነው ዝም ያልኩት!» አለኝ። እሱ ሲያፍርልኝ ይታይሽ።

ምሳዬን ትቼ ወደ ልጅሽ ሄድኩ። የምትኖረው ከብስክሌት መጠገኛ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ክፍሉን ከሁለት ሴቶች ጋር ትጋራለች። ደረጃው ዘይት ዘይት ይሸታል። አንኳኳሁ። በሩን ግማሽ ከፈተች፤ አየችኝ፤ «ማን ልበል?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «መታወቂያ ይዘዋል?» አለችኝ። አልሳቀችም። ምን ላድርግ፣ ካርዴን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። ወደ መስኮቱ ዞራ ወደ ብርሃን ያዘችው፣ ገለበጠችው፣ ፎቶውን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ልክ እኔ እንደማደርገው። «ፎቶው አይመስልም» አለች። «ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ደግ ይመስላል።» ካርዴን መለሰችልኝ። ከዚያ በሩን ለቀቀችልኝ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ጠዋት ያልኩትን፣ የተባልኩትን። እስክጨርስ ሰማችኝ። «ጋሼ፣ ከሥራ ስለመለስከኝ አይደለም የከፋኝ። እርስዎ ስላልከኝ ነው» አለችኝ። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አልኳት። «የትኛው ሰው?» አለችኝ። ቆጠርኩ። ታውቂኛለሽ፣ መቁጠር እወዳለሁ። አንድ ሰው ሆነብኝ፤ እንፋሎት። እሱም አፍሮልኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። አንድ ምግብ ቤት ስሟን ሳይጽፍ፣ በእጅ እየከፈለ ዕቃ ሊያሳጥባት ተስማምቶ ነበር፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልትጀምር ነበር። ያለ ምዝገባ ስትሠራ ብትያዝ ካርዱ አይታደስም፤ በቃ፣ ሁለት ዓመት የለፋችበት ውሃ በላው ማለት ነው። የደረስኩት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለሁ ደውላ «አልመጣም» አለቻቸው። እሷ ስታወራ እኔ መስኮቱ ሥር ያለውን ሻንጣዋን አያለሁ። ግማሹ ታሽጓል። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ያን ያህል ትርፍ ጥያቄ ጠይቄአታለሁ።

ነገ ጠዋት ትመለሳለች። ካርዷን አለቃዬ ራሷ ታያለች፣ እሷው ትፈርማለች፤ እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ። ይህን ተስማምተናል።

አንድ ያልጨረስነው ነገር አለ። ቅጿ ሳይፈረም ስለቀረ ያለፈው ሳምንት የደመወዝ ዝርዝር ሲዘጋ ስሟ አልገባም። ሦስት ቀን ሠርታ እንዳልሠራች ሆናለች። «ከኪሴ ልስጥሽ» ብዬ ነበር። ተቆጣች። «ላንተ አይደለም የሠራሁት። በስሜ ተጽፎ፣ ሰኞ ጀመረች ተብሎ ይከፈለኝ» አለች። ልክ ናት፤ ለእድሳቱ የምታሳየው ያንን ወረቀት ነው። ሒሳብ ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ፤ «በሚቀጥለው ዝርዝር ይገባል» አሉኝ። «ይገባል» የሚል የተፈረመ ወረቀት ግን የለኝም። ነገም እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያም። በዚህ እንኳ ይሉኝታ አይዘኝም፤ እስኪሰለቹኝ ድረስ ነው የምመላለሰው።

ስትደውልልሽ «ጋሼሽ ነግሮኛል» በያት። እንዳልሰማሽ ሆነሽ አትፈትኛት፤ ተፈትናለች።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ታሪኩን ግን አትንገሪያት፤ «አባቱን ወጣ» ማለቷ አይቀርም። ለባለቤትሽ ለጋሽዬ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለጓሮው ግድግዳ መጀመሪያ ስንጥቁን በእርሳስ ምልክት ያድርግበትና በወሩ ይለካው፤ ሲሚንቶ ከዚያ በኋላ ነው። ለመንትዮቹ፣ ደብዳቤውን ተደብቀው ማንበባቸው ስለማይቀር፣ ሰላም ብያችኋለሁ፤ የቀረው ለእናታችሁ ነው። ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ፣ ያች የሰፋችልኝ ኮት ቁልፏ እንኳ አልላላም በያት። ባለቤቴ በጣም ሰላም ብላሻለች። ልጄም «አክስቴን ሳምልኝ» ብላለች፤ ከሁሉ አስቀድማ ግን ፌንጣ እሑድ ትመጣለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «ጠይቄአታለሁ፣ ትመጣለች» አልኳት።

መድኃኒትሽን ዋጪ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቤቴ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፤ ማክሰኞ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት

በየቀኑ ሥራ ስጨርስ ደብተሬ ላይ ሁለት ነገር እጽፋለሁ። ዛሬ እዚሁ ልጻፈው።

የተሠራ፦ እውነቱ ተነግሯል። ፌንጣ ነገ ጠዋት ትገባለች።

የቀረ፦ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ የሠራችበት አልተከፈላትም።